አሥራ ሰባት እግር ያጣመመ ዝምታ

ሰውየው ሰው ሠራሽ እግር ሠሪ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው የአንዱን እግር ከሌላው ጋር አምታቶ አያውቅም። የሚሠራበት ድርጅት ግን የታካሚን ልኬት ሁለት ዓመት ያስቀምጥና ይሰርዘዋል፤ «ቦታ ያጣብባል» ነው ምክንያቱ። የተቆረጠ እግር በሁለት ዓመት የሚበቅል መስሏቸው እንደሆነ እንጃ! ስለዚህ እግር ሠሪው ታካሚዎቹን እያስፈቀደ የቀሪ እግራቸውን፣ ማለትም ከተቆረጠው የተረፈውን ክፍል፣ ቅርጽ ይቀዳና እቤቱ፣ ቁም ሣጥን ሥር በተጎለተች ባለ ሁለት ዲስክ ሰርቨር፣ መረጃ ማስቀመጫ ኮምፒውተር፣ ውስጥ ያኖራል።

ሰርቨሯን የተከላት የሚስቱ ወንድም ነው። ቤተሰቡ «ሊቁ» ይለዋል፤ ፊት ለፊቱ በአክብሮት፣ ዞር ሲል በሳቅ።

«ሁለቱም ዲስክ ያው አንድ ነገር ይይዛል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለልህ» አለ ሊቁ።

«አንዱ ቢዋሽስ?»

«ዲስክ ደግሞ ምን አፍ አለውና ይዋሻል፣ ጋሼ!»

ፋይል ሲስተም ማለት ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥና መልሶ የሚያወጣ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂ በሉት። አንዳንዱ ጠባቂ ሲረከብ ምልክት ያኖራል፤ ሲያስረክብ ያመሳክራል፤ የተለወጠ ካገኘ ይጮኻል። ሌላው የሰጡትን ይቀበላል፣ ያገኘውን ያቀብላል፤ በመሀል አይጥ ቢቀረጥፈው ምን ተዳው! ሊቁ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ይፈጥናላ! ቁም ሣጥን ሥር የሩጫ ውድድር ያለ ይመስል።

አንድ ቀን አንዲት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ሰው ሠራሽ እግሯ ተሰንጥቆ መጣች። ሥራዋ ቆሞ መዋል ነው፤ አሥር ቀን ከቀረች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። እግር ሠሪው ጊዜ ለማትረፍ አዲስ ልኬት አልወሰደም፤ ከሦስት ዓመት በፊት የቀዳውን ልኬቷን ከቤቱ አመጣና በዚያው ሠራላት። በአራተኛው ቀን እያነከሰች ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን እግር ነው? የኔስ አይደለም!»

ቀሪ እግሯ በሚገባበት ኩባያ ውስጥ፣ ልክ ከጉልበቷ ሥር፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጉብታ ነበረች። ቆዳዋን ልጣዋለች።

እግር ሠሪው መጀመሪያ የጠረጠረው የገዛ እጁን ነው። ቤቱ ገብቶ ያንኑ ፋይል ከሁለቱም ዲስክ ለየብቻ ሲከፍተው ግን አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ባለ ጉብታ። ሁለት ምስክር፣ ሁለት ቃል፤ ዳኛ የለ። ሁሉንም ሲያስተያይ አሥራ ሰባት ሰው ላይ ቃላቸው ተለያየ። ለትኬት ቆራጯ ቁስሏ ፈረደላት፤ እውነተኛው ለስላሳው ነው። የቀሩት አሥራ ስድስቱስ?

ሊቁ ተጠራ። መጣ። አላፈረም።

«ፋይል ሲስተሙ አንድም ቀን ስሕተት አሳይቶህ ያውቃል?» አለ።

«አያውቅም።»

«ታዲያ!»

ታዲያ! ሬሳም እኮ አሞኛል ብሎ አያውቅም።

እግር ሠሪው ዲስኮቹን ነቅሎ በአዲስ ተካ፤ ዜድኤፍኤስ የሚባለውን ፋይል ሲስተም፣ እያንዳንዷን ቁራጭ የሚያመሳክረውንና ከጤነኛው ዲስክ የሚጠግነውን ጫነ።

«እሱ እኮ ይዘገያል፤ ሚሞሪም ይበላል!» አለ ሊቁ።

«ይብላ! ያንተው ግን የበላው ሰው ነው።»

ታማኝ ጠባቂ ግን አስቀድሞ የጠመመውን አያቀናም፤ ጠማማ ከሰጡት ጠማማውን በታማኝነት ይጠብቃል። ስለዚህ እግር ሠሪው ለአሥራ ስድስቱ አንድ በአንድ ደወለ፤ «የያዝኩትን አላምነውም፤ መጥታችሁ እንደገና ተለኩ» አለ። መጡ። ሁለቱን እየሰደቡት ለካቸው።

የትኬት ቆራጯ ቁስል ግን እስኪሽር አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። ቁስል ላይ እግር አይጠልቅም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን እንደገና የተሠራላትን እግር አጥልቃ ሥራ ስትገባ አለቃዋ ቀና ብሎም አላያት። «ዘገየሽ፤ ሰው ተክተናል» አለ።

በማግስቱ እግር ሠሪው አብሯት ሄደ። ሊቁም እንዲመጣና እንዲመሰክር እህቱ ለምናው ነበር፤ «ስብሰባ አለብኝ» አለ። እንዲህ ያለ ሰው ስብሰባ አያጣም።

እግር ሠሪው ያችን የተበላሸች ኩባያ የአለቃው ጠረጴዛ ላይ፣ ወረቀቶቹ መሀል አስቀመጣት።

«ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ አይደለም። እስቲ እጅዎን ይክተቱ።»

«ምኔን?»

«እጅዎን! እሷ ይቺን ለብሳ አራት ቀን ቆማ ትኬት ቆርጣለች።»

አለቃው እየተጸየፈ እጁን ሰደደ። ጣቶቹ ዳበሱ፣ ቆሙ፣ መልሰው ዳበሱ። እጁን ሲያወጣ ትኬት ቆራጯን ለመጀመሪያ ጊዜ አያት።

«ሰኞ ግቢ» አለ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች። «ነገስ ምን አለበት?»