የልጅ ልጄን ያጣጣልኩበት ቀን

እኔ ብዙ አልናገርም። አንድ ቀን ብናገር ግን የልጅ ልጄን ጥሩወርቅን ጉድ ላደርጋት ነበር።

ጥሩወርቅ ደባርቅ ነው የምትማረው። አሜሪካ ያለ አንድ ኮሌጅ እንዲቀበላት አመልክታ ነበር። መምህሯ «ከብዙ ሺህ አመልካች ጥቂቱን ብቻ ነው የሚወስዱት፤ ዕድሏ ጠባብ ነው» ብሎኛል።

የቃለ መጠይቁ ዕለት እኔም ትምህርት ቤቷ ተጠራሁ፤ መምህሩም አብሮን ነበር። በስልኩ ላይ አንዲት የኮሌጁ ሴት ብቅ ብላ በእንግሊዝኛ ትጠይቃታለች፤ ልጄ ሳትፈራ ትመልሳለች። ነገሩ ባይገባኝም ደስታው ደረቴን ሞላው።

ኋላ ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ‹ይቺ ልጅ እንዴት ያለች ናት?› ትልሃለች።»

እኛ ዘንድ የራስን ልጅ በሰው ፊት ማሞገስ ነውር ነው፤ የሰው ዓይንም ያስፈራል። «ኧረ ምን ትረባለች! ሰነፍ ናት፤ ሰውም አትሰማ» አልኩ።

ጥሩወርቅ ትክ ብላ አየችኝ። አሳምራ ብትተረጉመው ማን ያውቅባት ነበር? መምህሩም በዓይኑ ይጠቅሳታል። እሷ ግን ወደ ስልኩ ዞራ ተናገረች። እንዳለ እንደነገረቻት ያወቅኩት መምህሩ ጭንቅላቱን ሲይዝ ነው።

 ሴትዮዋም ጥርት ባለ የእኛው አገር አማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። አባቴም እኔን ለሰው ሲያስተዋውቁ እንዲሁ ነበር የሚሉ። ልጅዎ አንድ ቃል እንኳ አልለወጠችም። በሉ እንግዲህ፣ ይቺን የማትረባ ልጅ ለእኛ ይስጡን።»