ሰባት ዳቦ ለአሥራ ሁለት ሰው

የያዙኝ ጉርድ ሾላ አካባቢ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይ ሳስተምር ነው። ምክንያቱ ፌስቡክ ላይ የጻፍኳት አራት መስመር ነበረች። ሰሌዳው ላይ «ሰባት ዳቦ ለአሥራ ሁለት ልጆች እኩል ይካፈል» ብዬ ጽፌያለሁ። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። ልጆቹን «ሥሩ፣ መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። ጠመኔው ኪሴ ውስጥ መቅረቱን ያወቅሁት ጣቢያ ስፈተሽ ነው፤ ፈታሹ አየት አድርጎ መለሰልኝ።

የታሰርንበት ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ሆንን። ጠዋት የሚገባልን ዳቦ ደግሞ ሰባት! በየቀኑ ግፊያና ስድብ ነበር። አራቱ ዳቦ ሦስት ሦስት ቦታ፣ ሦስቱ አራት አራት ቦታ ቢቆረጥ ለሁሉም አንድ ሲሶና አንድ ሩብ እንደሚደርስ ወለሉ ላይ ጽፌ አሳየኋቸው። ቢላ ስለማይገባ አንድ ልብስ ሰፊ ከጋቢው ጫፍ ክር መዞ በክሩ ይቆርጥልን ጀመር። ጠቡ ቀረ።

አንድ ቀን ከቁርስ በፊት ልብስ ሰፊውን ለምርመራ ጠሩት። ክሩን ሰጥቶኝ ወጣ። ዳቦው ሲመጣ እኔ ሆዬ ጠመኔዬን ይዤ ተንበረከክሁ።

ከወሎ የመጡ አንድ አዛውንት የጭነት መኪና ሾፌር ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

«ምን ታሰላለህ መምህር?»

«ዛሬ አሥራ አንድ ነን እኮ ጋሼ። ለአሥራ አንድ ደግሞ አስቸጋሪ ነው።»

«ማነው አሥራ አንድ ያደረገን? ወላሂ፣ አንተም እንደነሱ ቀነስከው?»

አፈርኩ። ክፍሌ ውስጥ የቀረ ልጅ ስም እንኳ ሳልጠራ አላልፍም ነበር። ክሩ እየተንሸራተተብኝ ለአሥራ ሁለት ቆረጥኩ። የልብስ ሰፊውን ድርሻ በፌስታል ቋጥረን ምስማር ላይ ሰቀልነው። ሁላችንንም እርቦናል፤ ማንም ግን አልነካውም።

የመለሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ከንፈሩ አብጧል። ፌስታሉን ፈታና ሁለቱን ቁራሽ መዳፉ ላይ አስቀምጦ በጣቱ ለካቸው።

«ሲሶ... ሩብ። ልክ ነው መምህር» አለ። «ሩቡ ግን ተጣሟል፤ እጅህ ገና ነው።»

ሳቅን። አሁንም ሳስታውሰው እንባዬ ይመጣል።

ከተፈታሁ በኋላ ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ። ያንን ጥያቄ ዛሬም ልጆቹን በአሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት መድቤ፣ ወረቀት በዳቦ ቅርጽ እያስቆረጥኩ አሠራቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ቡድን አንድ ልጅ ቀርቶ ነበር። ድርሻውን ባዶ ዴስኩ ላይ ሳስቀምጥ አንዷ ተማሪዬ አየችኝ።

«ቲቸር፣ እሱ እኮ የለም!»

«ይመጣል» አልኳት።