የግራ ጆሮ

«እጁን እዪልኝ፣ አናክ። ፊቱን ተዪው፤ እጁን» አሉኝ እትዬ ሉዝ፣ ላፕቶፑን ወደ እኔ እየገፉ።

ዘጠና ዓመት ሆኗቸዋል። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። አባታቸው የተጫወተበትን፣ ጠፋ የተባለውን ፊልም በአንድ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ከደስታዬ ብዛት ለብቻዬ ሳላየው በረርኩ፤ ፍራንክሊንተን፣ ወንድ ልጃቸው ቤት።

*

ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ሂሊያርድ ውስጥ፣ እትዬ ሉዝ ከእኛ በታች ባለው አፓርታማ ይኖሩ ነበር። እናቴ ፖላሪስ ልብስ መሸጫ ውስጥ ሺፍት ስትገባ ከትምህርት ቤት መልስ የሚይዙኝ እሳቸው ናቸው። «እትዬ» በያቸው ያለችኝ እናቴ፤ «አናክ» በትውልድ ከተማቸው በማኒላ ቋንቋ «ልጄ» ማለት እንደሆነ የነገሩኝ ራሳቸው።

ስሰናበት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ወሎዬዋ እናቴ እንዳስለመደችኝ ልስም ጎንበስ ስል፣ እጃቸውን ከከንፈሬ ከፍ አድርገው ግንባሬ ላይ ያሳርፉታል። በአገራቸው ታላቅ የሚከበረው እንዲያ ነው።

*

ያኔ የአባታቸው ወሬ የሚጀምረው የደረቀ ዓሣ ጠብሰው፣ ጭሱ ጣሪያው ላይ ያለውን ማንቂያ ካስጮኸው በኋላ ነበር፤ እሳቸው በፎጣ እያራገቡ፣ እኔ ጆሮዬን ይዤ እየሳቅኩ። ጩኸቱ ሲበርድ መጋረጃውን ይዘጉና የጠረጴዛውን መብራት፣ እንደ ሲኒማ፣ ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

አባታቸው የፊልም ተዋናይ ነበር። ትልቅ አይደለም፤ በር ከፋች፣ ሾፌር፣ ከጀግናው ኋላ የሚሮጥ። ጃፓኖች ማኒላን ሲይዙ የአሜሪካ ፊልም ተከለከለ፣ ጥሬ ፊልም ጠፋ፣ ሲኒማ ቤቶቹ የቲያትር መድረክ ሆኑ። እሱም መድረክ ላይ ወጥቶ ቀልደኛ ሆነ። ወታደሮች በፊት ለፊት በር ሲገቡ፣ ቀልዱን ሳያቋርጥ፣ የግራ ጆሮውን ይነካል። ሰፈሩ ትርጉሙን ያውቃል፦ የምትሰሙት እውነት አይደለም፤ ውጡ። የሚፈለጉት ሰዎች በጨለማው ተነስተው በጓሮ በር ይሄዳሉ።

የእኛም ጨዋታ ሆነ። ጆሮአቸውን ሲነኩ፣ ምንም ሳልጠይቅ፣ ጫማዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ። አንድ ቀን እናቴ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ።

«ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ናቲንግ፣ ማሚ። ጃፓኖች መጥተው ነው።»

«እነሱስ እንደ አንቺ ጫማቸውን አንጠልጥለው ነው የገቡት?»

*

አንዱን ክፍል ግን ሁልጊዜ በችኮላ ነበር የሚያወሩት። ጃፓኖች የራሳቸውን ፊልም ሲሠሩ አባታቸውን ወሰዱት፤ እጁን የሚሰጥ የአገሬው ወታደር ሆኖ እንዲጫወት፣ ለአዲሶቹ ጌቶችም ምስጋና እንዲናገር። ጦርነቱ ሲያልቅ ጎረቤት ደጃፉ ላይ ተፋ። እኛ ባንዳ የምንለውን ስም አወጡለት፤ በዚያው ስም ተቀበረ።

«ጆሮውን ነክቶ ነበር» ይሉኝ ነበር። «ካሜራው ፊት። ያየለት ጠፋ እንጂ።»

ስምንት ዓመቴ ነበር። እኔ አየሁለት፤ ግድግዳው ላይ፣ በመብራቱ ክብ ውስጥ፣ ጆሮውን ሲነካ አየሁት። ዛሬም ጨለማ አዳራሽ ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው ወንበሬን ሳይሆን በሩን ነው።

*

ላፕቶፑ ላይ ወታደሮች ከጫካ ወጡ። አንዱ መናገር ሲጀምር እትዬ ሉዝ ጉልበቴን ጨበጡ።

«እሱ ነው። ድምፁ ነው።»

ወጣት ነው፤ ከእኔም ያንሳል። አገጩ የእሳቸው አገጭ ነው። ሁለት እጆቹ ከራሱ በላይ ተዘርግተዋል። ምስጋናውን ሲናገር እንደተዘረጉ ናቸው። ትዕይንቱ እስኪያልቅ አልወረዱም። መልሼ ከፈትኩት። አልወረዱም።

«ነካ?»

«ነካ፣ እትዬ።»

«የቱን?»

«ግራውን።»

«ምን ሲል?»

«ምስጋናውን ሲናገር።»

ጉልበቴን ለቀቁት። ከኩሽና የነጭ ሽንኩርት ሽታ መጣ፤ ልጃቸው ምሳ እየሠራ ነበር።

«ስገባ ኮል አደርግልዎታለሁ» ብዬ ተነሳሁ። እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ግንባሬን አቀረብኩ።

እጃቸው ከጭናቸው ተነሳ። ወደ እኔ አልመጣም። ቀስ ብሎ ወጣና የግራ ጆሮአቸውን ነካ።

ጫማዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። በሩን፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ በሁለት እጄ ይዤ ዘጋሁት።