ሳላነብ የፈረምኩለት አጥር

ባለፈው ሐሙስ ከሰፈሬ ከአሊያንቴ ተነሥቼ የላስ ቬጋስን ሸለቆ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ በአውቶቡስና በእግሬ አቋረጥኩ። የሄድኩት አንድ ፊርማ ለማሰረዝ ነው። ፊርማው የራሴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤቴ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን የሚያስተዳድረው ትንሽ የአትክልት ስፍራ አለ። አሥራ ሰባት ዛፍ፣ አራት አግዳሚ ወንበርና አንድ የውሃ መጠጫ አለው። አጥር የለውም። ከመንገዱ ማዶ ባሉት የኪራይ አፓርታማዎች የሚኖሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የሆቴል ሠራተኞች፣ ከሥራ ሲወጡ እዚያ ጥላ ሥር ያርፋሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ጋሽ ታደለ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ጋሽ ታደለ በሰማንያዎቹ በስደት የመጡ የሰፈራችን አንጋፋ ናቸው። እኔንም ኤርፖርት ዊልቸር የመግፋት ሥራ ያስገቡኝ እርሳቸው ናቸው።

"ለሰፈራችን ደኅንነት ነው፤ በል ፈርም" አሉኝ።

ወረቀቱን ከፊቴ በቆመው ሰው ጀርባ ላይ ዘርግቼ ፈረምኩ። አላነበብኩም። ጋሽ ታደለ የሰጡኝን ወረቀት "ቆይ ላንብበው" ማለት እርሳቸውን መጠርጠር መስሎ ታየኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ከኋላዬ የተሰለፉትም እንደ እኔው እያደረጉ አለፉ። ግልባጩ በፖስታ ሲደርሰኝ ነው ያነበብኩት። የአትክልት ስፍራው በብረት ይታጠር፣ በሩንም የይለፍ ቁጥር የተሰጠው የቤት ባለቤት ብቻ ይክፈተው ይላል።

የባሰውን ልናገር። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ በሺፍትና በሺፍት መካከል የሩሲያ ከተሞችን የሕዝብ አትክልት ስፍራዎች ታሪክ በደብተር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። በወጣትነቴ ለመካኒክነት ሥልጠና ሌኒንግራድ ተልኬ ነበር፤ ሩሲያኛ ማንበብ የለመድኩት ከአትክልት ስፍራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ነው፤ መናገር ያስተማሩኝ ደግሞ ወንበር ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ጡረተኞች ናቸው። እስካሁን አምስት ደብተር ሞልቻለሁ። የአምስቱም ሐሳብ አንድ ነው፦ ባለሥልጣን ያጥራል፣ ሕዝብ ይከፍታል። ይህን የጻፈው እጄ ለአጥር ፈረመ።

ፊርማውን ለማንሣት፣ ቦርዱ ስብሰባ ላይ እያለ በአካል መቅረብ ያስፈልጋል። ስብሰባው ሐሙስ ከምሳ በኋላ በ2:00፣ አንተም በሚባለው የሄንደርሰን ኮረብታማ ሰፈር፣ በአስተዳዳሪው ድርጅት ቢሮ ነው። መኪናዬ ጋራዥ ነበረች። ቢሆንም እሄዳለሁ አልኩ።

ጠዋት 8:30፣ አሊያንቴ

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ሰይድን አገኘሁት። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ባለ ሆቴል አልጋ ያነጥፋል፤ ከእናቱ ጋር ከአትክልት ስፍራው ማዶ ባለው አፓርታማ ይኖራል። እናቱ እማማ ዘሐራ ከአትክልት ስፍራው ወንበር የማይታጡ ሴት ናቸው።

"ጋሽ ወርቅነህ! ዛሬ ማን ገፍቶ አመጣዎት?" ብሎ ሳቀብኝ።

"መኪናዬ ታማለች።"

"እሰይ! አንድ ቀን እንኳ እንደ እኛ ፀሐይ ይምታዎት።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያቺን ቦታ ሊያጥሯት ነው አሉ፣ ሰሙ? እናቴ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስታይ ልትውል ነው። የእናንተ ሰዎች ናቸው አሉ የፈረሙት። ጋሽ ወርቅነህ ግን አይፈርሙም ብያታለሁ።"

ዝም ማለት እችል ነበር። አውቶቡሱም እየመጣ ነበር።

"ፈርሜያለሁ" አልኩት።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቴን ሲያይ ተወው። "አንብበው ነው?"

"ሳላነብ።"

"ሳያነቡ መፈረምማ የኛ ነበር፤ የእንግሊዝኛ መሃይሞቹ የኛ።"

"ልሰርዘው እየሄድኩ ነው።"

"መልካም መንገድ" አለኝና አውቶቡሱ ውስጥ ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። ሁለት ዶላር ከፍዬ የገባሁበት ወንበር እንደዚያ ጠዋት ቆርቁሮኝ አያውቅም።

10:15፣ መሀል ከተማ

ሰይድ ቀና ብሎ ሳያየኝ ወረደ። እኔም አውቶቡስ ለመቀየር ወረድኩና ከቤት የያዝኩትን ዳቦ በአንድ ዶላር ከሃምሳ ከገዛሁት ቡና ጋር በላሁ። የተቀመጥኩበት የብረት አግዳሚ መሐሉ ላይ ክንድ ማሳረፊያ ተበይዶበታል፤ ሰው እንዳይተኛበት ነው። ዛፍ የለም። ጥላው የአውቶቡስ ጥላ ነው፤ አውቶቡሱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ደብተሬን አወጣሁ። የሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስ ፒተርስበርግን፣ በእኔ ዘመን ሌኒንግራድ የተባለችውን፣ ሲቆረቁር ከኔቫ ወንዝ ዳር የበጋ አትክልቱን አስተከለ። የእብነ በረድ ሐውልት ከጣሊያን አስመጣ፣ ፏፏቴ አሠራ። ቦታው የንጉሡና የእንግዶቹ ነበር። በኋላ ለሕዝብ ተከፈተ ተባለ፤ ግን ሕዝብ ማለት ጨዋ ልብስ የለበሰ ማለት ነበር። ገበሬው፣ ተራው ወታደር፣ ነጠላ ጫማ ያደረገው ከበሩ ይመለሳል። አጥሩ ዛሬም በውበቱ ይደነቃል። እኔ ግን ወጣት ሆኜ ፊቱ ስቆም ሁልጊዜ የማስበው ውጭ የቀሩትን ነው።

11:40፣ ስትሪፕ

ጊዜ ስለነበረኝ አንድ ትልቅ ሆቴል ገብቼ በመስተዋት ጣሪያ ሥር የተሠራውን አትክልት አየሁ። አበባው ልክ እንደ መጋረጃ በየወቅቱ ይቀየራል። እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ግን ዙሪያው ገመድ ነው፤ አንድም ወንበር የለም። ጉልበቴን ለማሳረፍ የአበባ መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ ስል ጥበቃው መጣ።

"ሰር፣ ማየት ይቻላል፤ መቀመጥ አይቻልም።"

"የት ልቀመጥ?"

በእጁ ካዚኖውን አሳየኝ። እዚያ ወንበር ሞልቷል።

ይህን የሚያነብ ሁሉ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ፦ ሰው የማይቀመጥበት አትክልት ጌጥ ነው እንጂ አትክልት ስፍራ አይደለም። በሌኒንግራድ ጡረተኞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ከተማዋን ስለከበቡበት ጊዜ ነግረውኛል። በረሃብ ጊዜ በአትክልት ስፍራዎቹ ጎመን ተከሉ። ሐውልቶቹን ከቦምብ ለማትረፍ መሬት ውስጥ ቀበሯቸው። ያ ሁሉ ብርድ እየገደላቸው የበጋ አትክልቱን ዛፎች ለማገዶ አልቆረጧቸውም። ጦርነቱ ሲያልቅ ደግሞ በገዛ እጃቸው ቆፍረው አዲስ የድል መናፈሻዎች ተከሉ። የጴጥሮስን አትክልት የሕዝብ ያደረገው ይህ ነው እላለሁ፤ አዋጅ አይደለም።

የሶቪየትን ዘመን ግን ቅቤ አልቀባውም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛም ሠልጣኞቹ ቅጠል ስንጠርግ ነበር። በፈቃድ ነው ይባላል፤ ያልመጣ ግን ስሙ ይያዛል። በየመናፈሻው ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ይለፈፍብን ነበር። ይህንንም ጽፌዋለሁ። ስም እየያዙ ማስጠረግም አጥር ነው።

1:10፣ ወደ አንተም ዳገት

በሃሪ ሪድ ኤርፖርት በኩል፣ በሥራ ቦታዬ አጠገብ አልፌ ሄንደርሰን ደረስኩ። አውቶቡሱ ከታች ጣለኝ። ከዚያ ወደ ላይ በእግር ነው። የእግረኛ መንገዱ ንጹሕ ነው፤ የሚሄድበት ሰው ግን አላየሁም። የሣር ማጠጫው አስፋልቱን ጭምር ያጠጣል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ወጥቼ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ሲጣበቅ አንድ መኪና አጠገቤ ቆመ። ጋሽ ታደለ ናቸው።

"አንተ ሰው፣ አብደሃል? ግባ! ትቀልጣለህ!"

በተከፈተው መስኮት የመኪናው ቅዝቃዜ ፊቴን መታኝ።

"ጋሽ ታደለ፣ ፊርማዬን ላነሣ ነው የምሄደው።"

"ሰምቻለሁ። እሱን መኪና ውስጥ እናወራዋለን። ግባ አልኩህ።"

"ከገባሁ አላነሣውም።"

በሕይወቴ የእርሳቸውን መኪና እምቢ ብዬ አላውቅም። ልጆቼ ሲወለዱ ወደ ሐኪም ቤት የወሰደን ያ መኪና ባይሆንም ሹፌሩ እርሳቸው ነበሩ። መስኮቱን ዘጉና ዳገቱን ወጡ። እኔም ወጣሁ፤ እርሳቸው በጎማ፣ እኔ በእግር።

2:00፣ ስብሰባው

አምስት የቦርድ አባላት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። ስሜ ሲጠራ በዚያው በተሰበረ እንግሊዝኛዬ ተናገርኩ።

"ይህን ወረቀት ሳላነብ ፈርሜያለሁ። ስሜን አውጡት።"

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "ያስገደደዎት ሰው አለ? ወይም ያታለለዎት?"

ጋሽ ታደለ ሁለት ወንበር ርቀው ተቀምጠዋል። አንድ ቃል፣ "አታለሉኝ" ብል የቀሩትም ፊርማዎች ሊወድቁ ይችሉ ነበር። ግን እውነት አይሆንም ነበር።

"ማንም አላስገደደኝም። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፤ ዓይኔም ደኅና ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ከዚያ በቀረችኝ ጊዜ ስለ ፒተርስበርግ፣ ስለ በሩ ዘበኛና ስለ ጨዋ ልብስ ነገርኳቸው። ከጠረጴዛው ዳር ያለው ሰውዬ ሳቀ። "ወዳጄ፣ እዚህ ሩሲያ አይደለም።"

"አይደለም" አልኩት። "እነሱ ሰውን በልብሱ ለይተው ከበሩ መመለስ ካቆሙ ቆይተዋል። እኛ ዛሬ ልንጀምር ነው። ከማዶ ያሉት ሰዎች የሆቴሎቻችሁን አንሶላ ያጥባሉ። ጥላ ሥር ቢቀመጡ ዛፉ አያልቅም።"

ደወሉ ተደወለ። ስሜን አወጡት። የቀረው ፊርማ ግን አሁንም ለጥያቄው ይበቃል። ሰብሳቢዋ ሁሉም ፈራሚ ጽሑፉን እንደገና በቤቱ እንዲያነብ ይላክለት ብላ ውሳኔውን ለሚቀጥለው ወር አስተላለፈችው። ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። አላሸነፍኩም።

በሩ ላይ ጋሽ ታደለ ያዙኝ።

"በፈረንጅ ፊት ታሳፍረኛለህ? እኔ ሥራ ያስገባሁህ ሰውዬ?"

"ለሥራው እስክሞት አመሰግንዎታለሁ፣ ጋሽ ታደለ። ለዚያ ጉልበቴን ልስጥዎት። ስሜን ግን አልሰጥዎትም።"

"እሑድ አጠገቤ እንዳትቆም።"

"እሺ" አልኩ። ድምፄ እንደፈለግኩት ጠንካራ አልነበረም።

6:50፣ ቤት

ስመለስ የሃያ አንድ ዓመቷ ልጄ ማርታ እራት አቅርባ ጠበቀችኝ። ይህችን ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋን ስትጀምር ውሉን ሳታነብ በመፈረሟ አንድ ሳምንት ሙሉ የገሠጽኳት እኔ ነኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳላነብ መፈረሜን፣ ሰይድን፣ ዳገቱን።

ሹካዋን አስቀመጠች። "አባዬ፣ እኔን ያኔ እንደዛ አድርገህ ጮህክብኝ። አንተ ስታደርገው ማነው የሚጮህብህ?"

"አንቺ።"

"ሲሪየስ?"

"ሲሪየስ።"

ጉዞው ያስተማረኝን በአጭሩ ልጻፍ። ዘበኛ የሚያቆም ንጉሥ ብቻ መስሎኝ አምስት ደብተር ጽፌ ነበር። የእኛን አጥር ግን የሚያቆመው ክፉ ሰው አይደለም። የምናከብረው ሰው ወረቀት ይዘረጋል፣ እኛ እሱን ላለማስቀየም እንፈርማለን፣ ብረቱ ይተከላል። እሑድ ጋሽ ታደለ አጠገብ አልቆምም። ግን እንደ እኔ የፈረሙትን ሁሉ አንድ በአንድ ቤታቸው ሄጄ፣ ወረቀቱን አብረን ቁጭ ብለን እናነበዋለን። ካነበቡ በኋላ ይፈርሙ፤ ያኔ የእነሱ ነው።

ያን ቀን ግን መጀመሪያ የማርታ ተራ ነበር። እጄን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እርሷም ያኔ እኔ እንዳልኳት አንድም ሳታስቀር ተቆጣችኝ።