«ይሄዳል» ያልኩት ተሳቢ

ደምሴ ጋራዤን በገዛ አውራ ጣቴ ወሰደብኝ። አብረን የከፈትነው የብየዳ ቤት ነበር፤ ቦታው የአባቴ፣ ማሽኑ የእሱ። እኔ ማንበብ አልችልም ነበር። «የፈቃድ እድሳት ነው፣ እዚህ ጋ አሳርፍ» አለኝ። ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩ። ወረቀቱ ድርሻዬን ወድጄና ፈቅጄ ለእሱ እንደለቀቅኩ የሚናገር ነበር። አራት ዓመት የራሴ ቤት መስሎኝ የሰው ቅጥረኛ ሆኜ በየድኩ።

ይህን ሶዶ ውስጥ የማያውቅ የለም። እኔው ራሴ ሳልታክት አውርቼዋለሁ። ቀጥዬ የምጽፈውን ግን ሚስቴም አታውቀውም፣ የቤተ ክርስቲያኔ ሽማግሌዎችም አያውቁትም። መጀመሪያ የምትሰማው አንተ ነህ፣ አንባቢዬ። ስለ ጣቴ ካዘንክልኝ ሐዘንህን እዚሁ አቁመው።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ከሥራ በኋላ በሚሰጥ የጎልማሶች ትምህርት። አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የሚቀመጠው አንጁሎ የደምሴ ፈረስ ጠባቂ ነበር። እጃችን ትልቅ፣ እርሳሱ ትንሽ።

«ባሳ፣ ይቺን ፊደል በየድካት እንጂ መቼ ጻፍካት?» ይለኛል።

«ያንተንስ ፈረሱ በኮቴው ቢጽፍልህ ይሻል ነበር» እለዋለሁ።

መምህሯ እስክትቆጣን እንስቃለን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

ማንበብ እንደቻልኩ ያንን ወረቀት ፈለግኩት። ደምሴ መሳቢያውን አይቆልፍም ነበር፤ ከማን ብሎ ይቆልፋል? ቃል በቃል፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ጣቴ እየሄደ እየሄደ ከታች ራሱ አሻራው ላይ ደረሰ። ወረቀቱን መልሼ አስቀመጥኩና ወደ ብየዳዬ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ይህን ዝምታ ትዕግሥት ብለህ እንዳትቆጥርልኝ። እባብም ሳሩ ውስጥ ዝም ይላል።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት፣ ፈረስ ያለው ዘመድ ፈረሱን ሸልሞ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞርበታል። ድሮ ፈረሱ በእግሩ ነበር የሚሄደው። ደምሴ ግን «ላብ ያጠመቀው፣ አቧራ የለበሰ ፈረስ ይዤ ለቅሶ አልደርስም» ብሎ ለዳማው ፈረስ ባለሁለት ጎማ ተሳቢ አሠራኝ። ከተማው ጉድ ነው አለ። ፈረስ በመኪና ተጎትቶ ለለቅሶ ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል?

ተሳቢውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ አላወቅኩም ማለት አልችልም። መኪናው ኋላ ላይ የብረት ኳስ አለ፤ የተሳቢው አንገት ጫፍ እንደ ቆብ ኳሱ ላይ ይደፋና ይቆለፋል። አንገቱ ከመሬት ጋር ልክ መሆን አለበት። ውሃ ልክ አስቀምጬ ነበር የማየው። ወደ ላይ ቀና ካለ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ተሳቢው ቁልቁለት ላይ እንደ ውሻ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። ጭነቱ እህል ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ እህል ባለበት ይቀመጣል። ፈረስ ግን ይደነግጣል፣ ይገፋል፣ ወደ ኋላ ይላል። ከቆለፍኩም በኋላ አንገቱን በክሪክ አነሳዋለሁ፤ የመኪናው ቂጥ አብሮ ከተነሳ ይዟል፣ ቆቡ ብቻውን ከተነሳ አልያዘም። መጨረሻ ላይ ሰንሰለቱ አለ። ሁሉም ቢከዳ ተሳቢውን ሰንሰለቱ ይይዘዋል፤ ሰንሰለቱን ደግሞ አንዲት በጥርስ የምትጠብቅ የብረት ቀለበት ትቆልፈዋለች። ይህን ሁሉ ለሌሎች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ።

የደምሴ አጎት ተበላ ከተማ ሞቱ። በቀብሩ ዕለት ጠዋት ደምሴ በአዲስ ፒክአፕ መጣ። ተሳቢውን የለካሁት በአሮጌው መኪና ነበር፤ አዲሱ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። አንገቱን ኳሱ ላይ ስደፋው አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቀለ። አየሁት። ውሃ ልክ አላስፈለገኝም። መፍትሔው ኳሱ የተቀመጠበትን ብረት ፈትቶ ገልብጦ ማሰር ነው፤ አራት ቡሎን፣ ሩብ ሰዓት።

«ባሳ፣ ቶሎ በላ! ሬሳ እኔን አይጠብቅም» አለ ደምሴ መሪው ላይ ሆኖ።

አራቱን ቡሎኖች አየኋቸው። ከዚያ ጣቴን አየሁት። የቡሎን መፍቻውን አስቀመጥኩ። ክሪኩን ከነበረበት አላነሳሁትም። ሰንሰለቱን መንጠቆው ላይ አንጠለጠልኩት፤ ለሚያይ ሰው የታሰረ ይመስላል። ቀለበቷን ኪሴ ከተትኳት።

ምን እንዲሆን ፈልጌ ነበር? ስድስት ዓመት ራሴን ጠይቄዋለሁ። ፈረሱ መንገድ ዳር ወድቆ፣ ደምሴ ዘመድ አዝማዱ ፊት በባዶ እጁ እንዲቆም ነበር የፈለግኩት? እሱን ብቻ ነው? ወይስ ተሳቢው መኪናውንም ይዞት ገደል እንዲገባ? እኔ አላውቅም። አላውቅም የምለው ስለማውቅ ይሆናል።

ፈረሱ ገና ከመነሻው ተረበሸ። ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ የተሳቢውን ላሜራ ይረግጣል። ያኔ አንጁሎ የሣር እስር ታቅፎ መጣና፣ መኪናው ውስጥ ይገባል ስል የተሳቢውን በር ከፈተ።

«የት ነው?» አልኩት።

«አብሬው ነኛ! ይሄ ፈሪ ብቻውን ተጉዞ ያውቃል? አንተ በረገጠው ብረት እንዳታለቅስ ብዬ ነው» አለና ሳቀ። ሣሩን ከኋላ በኩል ዘረገፈው፣ ፈረሱ ወደዚያ ዞረ። የተሳቢው አፍንጫ ደግሞ ትንሽ ከፍ አለ። ይህንንም አየሁት።

ደምሴ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ይሄዳል?»

ቀለበቷ ኪሴ ውስጥ ናት። ክሪኩ እግሬ ሥር ነው። አንጁሎ፣ አብሮኝ ፊደል የቆጠረው ሰው፣ በላሜራው ክፍተት እያየኝ ነው። አፌን ከፈትኩ። «ቆይ» የምትለው ቃል ሁለት ፊደል ናት፤ መጻፉንም እችል ነበር።

«ይሄዳል» አልኩ።

ሄደ።

ወሬው የደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ወደ ተበላ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ተወዛወዘ፣ አንገቱ ከኳሱ ዘለለ፣ ሰንሰለቱም ተከተለው። ፈረሱ ወገቡ ተሰብሮ እዚያው ሞተ። አንጁሎ ከፈረሱ ሥር ነው የወጣው። ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ደምሴ አንድ ጭረት አላገኘውም። ትራፊኩ ፍጥነት ብሎ ጻፈ፤ ደምሴም በእርግጥ እየበረረ ነበር፣ አመነ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሆስፒታል ሄጄ አንጁሎን ሳየው ከእኔ በፊት እሱ ማልቀስ ጀመረ።

«ሣሩን ከኋላ ባላደርገው፣ ባሳ። እኔ ነኝ ፈረሱን ወደ ኋላ የጠራሁት። የሰውየውን ፈረስ ገደልኩበት።»

እጁን ያዝኩት። «አይዞህ» አልኩት። አየህ፣ ተሳቢውን የላክሁት አንድ ጊዜ ነው። ይህን ግን ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሻንቶ ከተማ፣ መንገድ ዳር የሞባይል ካርድ በሚሸጥባት ሳጥን ጎን በክራንች ቆሞ ባየሁት ቁጥር አደረግኩት። በእያንዳንዱ ጊዜ «አይዞህ» አልኩት።

ስለ ጣቴ መጮህ የጀመርኩት ያኔ ነው። ስጮህ ሌላው አይሰማኝም ነበር። እኔ ተበዳይ ነኝ አልኩ፤ ነበርኩም። ታዲያ ተበዳይ መሆኔ ለአንጁሎ እግር ምን ይፈይዳል?

መስከረም ላይ የእኛ የዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ፣ የእኛ ሰው ቂም ይዞ አይሻገርም። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ የተጣላ ይታረቃል። በስድስተኛው ዓመት እኔንና ደምሴን ከዛፍ ሥር ጠሩን። አንጁሎም በክራንቹ መጣ። ደምሴ ተነሣና የጣቴን ነገር አንድም ሳያስቀር ተናገረ፤ አለቀሰ፤ የአባቴን ቦታና ግማሹን ቤት መለሰልኝ። ሰው እንደዚያ ይናዘዛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ተናደድኩበት። ማን ቅደም አለህ?

ቀጥሎ አንጁሎ ክራንቹን ጥሎ መሬት ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። «ፈረስህን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ደምሴ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ደምሴ አቀፈው፣ «እኔ ነኝ እንጂ፣ እየበረርኩ» አለው። ሁለቱም እኔ የሠራሁትን ጥፋት ተሻሙ።

ሸምገል ያሉት አዛውንት ዙሪያውን አዩ። «ያልተነገረ የቀረ አለ?» አሉ። እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ጠየቁ። በሦስተኛው ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ። «ባሳ፣ ልጄ፣ ሆድህ ውስጥ የቀረ ካለ አሁን አውጣው። ነገ ለእኛም ላንተም ይከብዳል።»

ቀለበቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ይዣት ነበር የሄድኩት፤ ላወጣት ነበር።

«የለም» አልኩ።

ዕርቁ በወረቀት ሰፈረ። «በመካከላችን የነበረው በደል ሁሉ ተነግሮ አልቋል፣ የተደበቀ የለም» ይላል። ቀለም አቀረቡልኝ፣ ለጣቴ። «አያስፈልግም፣ እጽፋለሁ» አልኩ። አንጁሎ ሳቀ፣ እንባው ሳይደርቅ፦ «በይዳት!» አለኝ። እያንዳንዷን ቃል አንብቤ፣ ገብቶኝ፣ ስሜን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ደምሴ ያስፈረመኝን የሐሰት ወረቀት ሳላነብ ነበር ያተምኩት። ይህንን ግን አንብቤ ነው።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር የሚለኝ ሰው ሻንቶ ነው ያለው፣ እሱ ደግሞ ምን ይቅር እንደሚል አያውቅም። ይህን ጽሑፍ ወስጄ ልሰጠው እችላለሁ፤ እኔ እንደ ተማርኩ እሱም ማንበብ ተምሯል። እስካሁን አልወሰድኩለትም።

ወረቀቱ ከነፊርማዬ ሽማግሌዎቹ ዘንድ አለ። በእሱ መሠረት ነገሩ ያለቀው መስከረም 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።