መርዶ ይዘን ወደ ፋርስታ

ሁስቢ፣ ገና ሳይነጋ

ከቤት ስንወጣ አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም። ኅዳር ነው። በዚህ ወር ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ የምትወጣው ሰው ሥራ ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሣን ብዬ አንባቢን አላሳስትም። ጨለማ ነበር። ከሕንፃዎቹ መካከል የልብስ ማጠቢያው ክፍል ብቻ በርቷል። በረዶ እንዳያንሸራትት የበተኑት ጠጠር ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል።

ሦስት ነን። አቶ ግርማ የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። አቶ ሰይድ የደሴ ሰው ናቸው፤ ኪስታ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የስልክ ዕቃ ይሸጣሉ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ነጠላዬን አጥፌ ከካፖርቴ ሥር ይዣለሁ፤ መንገድ ላይ ለብሼው ሰው እንዲጠይቀኝ አልፈለግሁም።

የምንሄደው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ፋርስታ፣ ትርሲት ቤት ነው። ትርሲት ሁስቢ ሳለች የግድግዳ ጎረቤቴ ነበረች። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ናትናኤል። እዚሁ አድጎ አሜሪካ ለትምህርት ሄደና ሥራ ይዞ ቀረ። ትናንት ማታ፣ ናትናኤል በአንድ የፖለቲካ ሰልፍ ላይ ተገደለ የሚል ቪዲዮ በየስልካችን ደረሰ። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ፎቶ ያለ ጥርጥር የእሱ ነው። አስፋልት ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ዓይኑ ተጨፍኗል።

በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። ማለዳ፣ የሐዘኑ ባለቤት ከቤት ሳይወጣ፣ ትልልቅ ሰዎች ሄደው ይነግራሉ። እስከዚያ የሰማ ሁሉ ዝም ይላል፤ ሲጠየቅም ይክዳል። ትርሲት ሄምቼንስት ነው የምትሠራው፤ በየቤቱ እየዞረች አቅመ ደካሞችን ታጥባለች፣ ታበላለች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። ማታ ስልኳን እንደምታጠፋ አውቃለሁ። ሰው ቤት ሆና ከፍታው ብቻዋን እንዳታየው ፈራን። ጥድፊያው ለዚህ ነበር።

ሰማያዊው መስመር

ባቡሩ ውስጥ ያሉት የጽዳት ሠራተኞችና የሆስፒታል ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ተኝተዋል። አንዲት ሴት ከፕላስቲክ ዕቃ ሩዝ ትበላለች።

ስለ ሁለቱ ሰዎች አንድ ነገር መናገር አለብኝ። አንዳቸውም አሜሪካን ረግጠው አያውቁም፤ የሚሰጡት ድምፅም የለም። ነገር ግን ከእሑድ እስከ እሑድ ከዚያ የሚተላለፉ የአማርኛ ቻናሎችን ያያሉ። እዚያ ካሉት ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች የአንዱ ምልክት አህያ፣ የሌላው ዝሆን ነው። አቶ ግርማ የአህያው ወገን ናቸው፣ አቶ ሰይድ የዝሆኑ። የአንዱ ፕሬዚዳንት ስደተኛ ሲያባርር ሕግ ነው፤ የሌላው ሲያባርር ግፍ ነው። ወንበሩ ሲቀያየር እነሱም ይቀያየራሉ። ለዓመታት ስሰማ ኖሬ ትቼው ነበር፤ የማይጎዳ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

"የዝሆኑ ሰዎች ናቸው የገደሉት፤ ቻናሉ በግልጽ ተናግሯል" አሉ አቶ ግርማ።

"ማን አየ?" አሉ አቶ ሰይድ። "ማስረጃ የለም። ዛሬ ቪዲዮ በማሽን ይሠራል።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"ልጁ መሞቱን መቼ ካድሁ? የካድሁት ገዳዩን ነው።"

"ዝሆን ጆሮው ትልቅ ነው፤ መስሚያ ግን የለውም።"

"የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ ግርማ።"

ሩዝ የምትበላው ሴት ቀና ብላ አየችን። ዝም እንዲሉ በእጄ ምልክት ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ከተማው መሐል ሁሉም የየራሱን ጉልበት እያየ ተቀመጠ። እኔ በሐሳቤ የመጀመሪያውን ቃል እፈልግ ነበር። "ትርሲት፣ ጠንክሪ" ልበል? ወይስ ምንም ሳልል ነጠላዬን ላዘቅዝቅ?

ባቡር የምንቀይርበት

የሰማያዊው መስመር ጣቢያ ከመሬት በታች ጥልቅ ነው። ጣሪያው ላይ ሰማያዊ ሐረግ ተስሏል። ወደ አረንጓዴው መስመር የሚወስደው ደረጃ ተንቀሳቃሽ ቢሆንም ጉልበቴን ያመኛል። አቶ ሰይድ ከኪዮስክ ሦስት ቡና በወረቀት ኩባያ ገዙ፤ መቶ ክሮና ሊሞላ ጥቂት ቀረው። "ሐዘን ቤት በባዶ ሆድ አይኬድም" አሉ። አቶ ግርማ በዋጋው ሊያጉረመርሙ ጀምረው ተዉት።

ቡናውን ይዘን ባቡር ስንጠብቅ የአቶ ሰይድ ስልክ ጮኸ። ሌላ ቻናል፣ ያው ፎቶ፣ ሌላ ድምፅ። ልጁን የገደሉት የአህያው ወገን ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ በሌላው ለማሳበብ ነው፤ ይላል።

"ይኸው!" አሉ አቶ ሰይድ ስልኩን ወደ አቶ ግርማ አፍንጫ አስጠግተው። "አላልሁም? በግልጽ ተናግሯል!"

አቶ ግርማ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። "ማስረጃ የለም" አሉ። "ዛሬ ቪዲዮ በማሽን ይሠራል።"

ቃሉ ያው ነበር። የወጣበት አፍ ብቻ ተለየ። ሁለቱም ይህን ልብ አላሉም። የእኔ ቡና ግን እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ማታ ቪዲዮውን ሳይ የደነገጥሁት ፎቶውን አይቼ ነበር። አሁን ፎቶውን ትቼ ድምፆቹን አሰብኩ። ሁለቱ ድምፆች ስለ ገዳዩ ከዋሹ፣ ስለ ሟቹስ?

"ለልጁ የደወለ አለ?" አልኳቸው።

ሁለቱም እኔን አዩኝ።

"ለየትኛው ልጅ?" አሉ አቶ ግርማ።

"ለናትናኤል።"

"እትዬ ሙሉ፣ ለሞተ ሰው ይደወላል እንዴ?"

አረንጓዴው መስመር

አቶ ግርማ ቁጥሩ አላቸው። ልጁ ትንሽ ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ጨዋታ የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። ስልካቸውን አውጥተው ብዙ ጊዜ ያዙት። ባቡሩ ከመሬት ወጥቶ በጨለማ ዛፎች መካከል ይሄዳል። ከዚያም "የጫካው መቃብር" የሚል ስም ባለው ጣቢያ ቆመ። ከመስኮቱ ውጪ የድንጋይ አጥርና ረጃጅም ጥዶች ይታያሉ። ማንም አልወረደም።

"ይደውሉ" አልኳቸው።

ደወሉ። ጠራ፤ ጠራ። እዚያ ሌሊት ነው። በመጨረሻ የልጁ ድምፅ መጣ፤ በእንግሊዝኛ፣ አሁን ማንሳት አልችልም፣ መልእክት ተዉልኝ የሚል፤ የተቀዳ። አቶ ግርማ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ስልኩ ይቀዳ ነበርና ሦስታችንም ሳንናገር የባቡሩን ድምፅ ላክንለት።

"በቃ" አሉ አቶ ሰይድ ቀስ ብለው።

"ምኑ ነው በቃ? የተኛ ሰውም ስልክ አያነሳም" አልሁ። ይህን ስል ግን ማመኔን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ፋርስታ

የገበያው አደባባይ ባዶ ነው። ሱቆቹ ተዘግተዋል፤ አንድ ሰው ብቻ ዳቦ ከመኪና ያወርዳል። በመንገዳችን ላይ ልመልሳቸው አሰብኩ። ብንመለስና እውነት ቢሆንስ? ትርሲት ከሌላ ሰው ስልክ ትሰማለች። ብንገባና ውሸት ቢሆንስ? በመጨረሻ፣ እናትየዋ ጋ ገብተን "ይህን አይተናል፣ እውነቱን አላወቅንም" እንድንል ተስማማን። ብልህነት መስሎን ነበር።

የሕንፃውን በር መክፈቻ ቁጥር አቶ ግርማ ያውቁታል። ሁለተኛ ፎቅ። አንኳኳሁ።

ትርሲት የሥራ ጃኬቷን ለብሳለች። አንድ ጫማ አድርጋለች፣ ሁለተኛውን በእጇ ይዛለች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አቶ ግርማን፣ ቀጥሎ አቶ ሰይድን አየች። ገና ሳይነጋ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ሳይደውሉ። ምን ሆናችሁ አላለችም።

"ማን ነው?" አለች።

"ትርሲት፣ እውነቱን አላወቅንም" አልኳት።

በእኛ ወግ "አላወቅንም" ማለት ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ጫማው ከእጇ ወደቀ። ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ታች ተንሸራተተችና ከወለሉ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። "ናቲዬ ነው?" አለች። የጎረቤት በር ተከፈተ፤ አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት በሌሊት ልብስ ብቅ አሉ።

በዚህ መካከል የአቶ ግርማ ኪስ ጮኸ። ስልኩን አወጡት። ከስልኩ መስታወት ላይ "ናቲ ኳስ" ይላል። መነጽራቸውን ሲፈልጉ ተቀብዬ እኔ አነሳሁት።

"ሄይ ጋሽ ግርማ፣ ቫድ ሃር ኸንት?" ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው። ድምፁ እንቅልፍ የጠገበ አይደለም።

ስልኩን ትርሲት ጆሮ ላይ አደረግሁት። ለረጅም ጊዜ ሰማች።

"በአማርኛ ተናገር!" አለች በመጨረሻ።

"ማማ፣ ያግ ሌቨር። አለሁ። አለሁ እኮ!"

የደረሰንን ስንነግረው አስረዳን፤ ፎቶው የእሱ ነው፤ ግን ያለፈው ዓመት ነው። እሱና ጓደኞቹ ለተቃውሞ መንገድ ላይ እንደ ሞተ ሰው ተጋድመው ነበር። በዚያ አገር እንዲህ ያለ የተቃውሞ ዓይነት አለ። ራሱ ለጥፎት የነበረውን ፎቶ አንዱ ወስዶ ሞት ጻፈበት፤ ሌላው ደግሞ ገዳይ ቀየረለት።

"መንገድ ላይ ተኛህ?" አለች ትርሲት። "በዚያ ብርድ?"

"ግንቦት ነበር፣ ማማ።"

ስልኩን ስትመልስ ተነሥታ ጫማዋን አደረገች። ፊቷን ታጥባ መጣች። ግቡ አላለችንም።

"ለልጄ መቼ ደወላችሁ?"

"ባቡር ላይ" አሉ አቶ ግርማ።

"መቃብሩ ጋ ስንደርስ" አልሁ እኔ።

"ከቤት ሳትወጡ ብትደውሉ ምን ነበረበት፣ እትዬ?"

ነጠላዬን ከካፖርቴ ሥር ይበልጥ ሸጎጥሁት። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። በሥራዋ የምታበላቸው አንዲት አሮጊት ቁርሳቸውን ይጠብቁ ነበር።

ወደ ሁስቢ

ስንመለስ ነግቷል፤ ሰማዩ አመድ መስሏል። መሐል ከተማ ባቡር ቀየርን። ከዚያ አቶ ሰይድ፣ "የጀመረው ያንተ ቻናል ነው" አሉ። "ያራገበውስ?" አሉ አቶ ግርማ። መካከላቸው ገብቼ ተቀመጥሁ።

"ለስንት ሰው ላካችሁት?" አልኳቸው።

አቶ ግርማ መነጽራቸውን ጠረጉ። አቶ ሰይድ በመስኮቱ አዩ። ሕንፃችን ውስጥ ላለ ሐበሻ ሁሉ ልከውታል።

"እንግዲያው በየበሩ እንሄዳለን" አልሁ።

የመጀመሪያው በር የዘይነባ ነው። ለሐዘን ቤት የሚሆን ምግብ እያዘጋጀች ነበር፤ ሽንኩርቱ ይሸታል። ናትናኤል በሕይወት አለ፣ ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ አልኳት። እኔን አየች፤ ከኋላዬ የቆሙትን ሁለት ሰዎች አየች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ገባኝ፣ እትዬ። እናቱ እስክትሰማ ነው አይደል? ከእኔ አይወጣም።"

"ዘይነባ፣ እናቱ ጋ ሄደን መጣን።"

"አውቃለሁ። አይዞዎት።"

በሚቀጥለው በር አቶ ግርማ ለልጁ በቪዲዮ ደወሉለት። ምስኪኑ አነሣ፤ ፀጉሩ ቆሟል፣ ከትራሱ ቀና ብሎ እጁን አውለበለበ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ጥቁር ለብሳለች። ስልኩን አስጠግታ አየችው፤ እንባዋ መጣ።

"አቤት ማሽን!" አለች። "ሕያው አስመሰሉት እኮ።"

አቶ ሰይድ ወደ ደረጃው ዞሩ። አቶ ግርማ ስልኩን እንደ ያዙ ቀሩ፤ ልጁ ከውስጡ "ሄሎ? ሄሎ?" ይላል።

አሳንሰሩን ጠራሁት። ከላይ ገና አራት ፎቅ ነበር።