ወላድ «አመመኝ» እስክትል

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ውስጥ በአዋላጅ ነርስነት ሥራ የጀመርሁ ዕለት የተመደብሁት ወልደው የተኙ እናቶች ክፍል ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስካለ «አልጋ ላልጋ ዙርና ሕመማቸውን ጠይቅ» አሉኝ። ዞርሁ። ሁሉም «ተመስገን» አሉኝ።

ይህንኑ ስነግራቸው ሲስተር ሳቁ። «በሰላም የተገላገለች ሴት አመመኝ ማለት ምስጋና ቢስነት ይመስላታል። ቁጭ በይ በላትና ፊቷን እይ።»

ለአብዛኞቹ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ይበቃቸዋል። ጠንካራው ማስታገሻ ሞርፊን ግን ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ሲስተር ኪስ ውስጥ ነው። ስለ ሞርፊን የማውቀውን አብዛኛውን ያገኘሁት በራሴ አንብቤ ነው፦ ወደ ጡት ወተት ያልፋል፤ ሲበዛ ሕፃኑን ያፈዛል፣ ትንፋሹንም ያዘገያል።

አንድ ጠዋት ከገሳይ የመጣች እናኑ የምትባል ወላድ አገኘሁ። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ በምጥ ወልዳ ተሰፍታለች። ኪኒኗን ውጣለች። «ቁጭ ብለሽ አጥቢው» ስላት ባንድ ጎኗ ተደግፋ ከንፈሯን ነከሰች። ሕፃኑ ያለቅሳል።

አማቷ እማማ ጥሩነሽ አጠገቧ ነበሩ። «ተዋት ልጄ። ወንድ ደግሞ የወላድ ሕመም ምን ያውቃል?»

«ስለማላውቅ እኮ ነው የምጠይቅ፣ እማማ።»

«እኔ ያን ሁሉ ልጅ ስወልድ ማን ኪኒን ሰጠኝ?»

«አንቱንስ አላመመዎትም ነበር?»

«ማመሙንማ አመመኝ። ማን ጠየቀኝና።» ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ንገሪው እንግዲህ።»

«ወደ ታች ይገፋኛል» አለች እናኑ በቀስታ። «እየባሰብኝ ነው።»

ሞርፊን ያስፈልጋታል ብዬ ለሲስተር ነገርሁ። ቁልፉን አውጥተው በእጃቸው ያዙት እንጂ አልከፈቱም። «ኪኒን ያላስታገሠው፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከሆነ ሞርፊኑ ምክንያቱን ይሸፍንብናል። መጀመሪያ እንያት።»

መጋረጃ ጋርደን አየናት። ከስፌቱ ጎን ደም ተቋጥሮ አብጧል። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ፤ አደንዝዞ የተቋጠረውን ደም አወጣ፣ የሚደማውን የደም ሥር ቋጠረ፣ እንደገና ሰፋት። ጥቂት ሞርፊን የሰጠናት ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ስታርፍ እኔ የሕፃኑን ትንፋሽ እየተከታተልሁ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

በማግስቱ እናኑ ቁጭ ብላ አጠባች። እማማ ጥሩነሽ ወደ ጎረቤት አልጋ ተሻግረው አንዲቷን ወላድ ይመክሩ ነበር። «ያመመሽን ለዚህ ልጅ ንገሪው። መጠየቅ አይሰለቸውም።»

ጠንካራ ማስታገሻ የሚሰጠው ሕመሙ ከምን እንደመጣ ከታየ በኋላ ነው። ለማየት ደግሞ ወላዷ እስክትናገር ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።